ራስ አልባዎቹ ፎቶዎቼና ቁጥር ሰባት

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። ተረቱ ሞኙን ለብቻው፣ ወረቀቱንም ለብቻው ነው የሚያውቃቸው። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ሲኖሩ ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በእኔ ስም ሌላ ተረት ይጨምር ነበር። በደርግ ዘመን የሸዋ ሮቢት ሰው ለስኳርና ለሳሙና ቀበሌ ሱቅ ሲሰለፍ፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ ራስ የሌላቸው ሰዎች ፎቶ እሰበስብ ነበር። ይህን የምናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው። ማፈር የነበረብኝ ቦታ ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ፤ እዚያም ቢሆን ብዙ አላፈርሁም።

ነገሩ የጀመረው በፓፓያ ነው። እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ፓፓያ ሻጭ ደንበኛዬ ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን ፓፓያ ሳገላብጥ፣ የሣጥናቸው ጎን የተጠገነበትን ነገር አየሁ። ካርቶን መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ፎቶ ሆኖ ተገኘ፤ ጥቁርና ነጭ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ በአራት ሚስማር የተመታ። ፎቶው ላይ ሰው የለም። ስድስት ተረከዝ ብቻ አለ፤ የተሰነጣጠቀ፣ አቧራ የለበሰ፣ በተርታ የቆመ ተረከዝ፣ ከኋላው ረጃጅም ጥላ ያለው።

«እትዬ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«የቱን? ይሄን? የአማቴ ነበር። ባለ ሦስት እግሩ የሚሉት ሰውዬ ነው የሰጣቸው አሉ። ወላሂ ራስ እንኳ የለው፤ ለሣጥን ካልሆነ ለምን ይሆናል ብዬ ነው።»

ባለ ሦስት እግሩ ከአብዮቱ ብዙ ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ ፎቶ አንሺ ነበር። ውጭ አገር የተማረ ነው ይባላል። አንድ መሥሪያ ቤት የቆላውን ሰው ኑሮ በፎቶ እንዲያስቀር ልኮት፣ ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ እየተከለ ኢፋትን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰ። ስሙን የያዘለት የለም፤ ማቆሚያውን ግን ሁሉም ያስታውሳል። ሰው ስሙን ማስታወሻ አድርጎ ይሄዳል እንጂ እግሩን ሲያደርግ የሰማሁት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዕውቀቴ ትንሽ ልናገር። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ፣ ስለ ዘመናዊ ፎቶግራፍ የሚያወራ አንድ የቆየ መጽሔት አግኝቼ ነበር። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ነው። እኔ ያነበብሁት አንድ ገጽ ተኩሉን ነው፤ የቀረውን ግማሽ ገጽ ከእኔ የቀደመ የጥበብ ወዳጅ ገንጥሎ ወስዶታል። ከተረፈው እንደተረዳሁት፣ ዘመናዊ ፎቶ አንሺ ሙሉውን አያሳይም፤ ቁራጩን አሳይቶ ሙሉውን ያሳስባል። በቃ። ሊቅነቴ እዚህ ጀምሮ እዚህ ያበቃል። ግን ሸዋ ሮቢት ውስጥ አንድ ገጽ ተኩል ያነበበ ሌላ ሰው ስላልነበረ፣ ሊቁ እኔ ነበርሁ።

እትዬ ዘሀራ ሣጥኔ ይፈርሳል ብለው ስለሰጉ፣ የጠረጴዛዬን መሳቢያ አምጥቼ ለሣጥኑ ጎን አደረግሁላቸው። ከዚያ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ፎቶውን ወሰድሁ። ጀርባው ላይ ሐምራዊ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ሥር በእርሳስ «3 ከ12፣ ሮቢት ገበያ» ተብሎ ተጽፏል።

ከአሥራ ሁለት! እስቲ ፍረዱኝ፤ ሦስትን በእጁ የያዘ ሰው ስለ አንድና ሁለት ሳያስብ፣ ስለ አራትና አምስት ሳይብሰለሰል እንዴት ይቀመጣል? እኔ አልተቀመጥሁም።

ቁጥር አራትን ያገኘሁት ከትምህርት ቤታችን ዘበኛ ከጋሼ ሙሄ ነው። የዘበኛ ቤታቸውን መስኮት በአንድ የግመል ጉልበትና ግመሉን በሚስብ አንድ የሰው ክንድ ደፍነውት ነበር። ነፋስ ስለሚገባብኝ ነው አሉኝ። ሮቢት ላይ ነፋስ ገባብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ለፎቶው ምን ልስጥዎት ብላቸው፣ ደጋ ሳለሁ የገዛሁትን ካፖርቴን ጠየቁኝ።

«ጋሼ ሙሄ፣ በዚህ ሙቀት ካፖርት ምን ያደርግልዎታል?»

«አንተስ በዚህ ኑሮ የግመል ጉልበት ምን ያደርግልሃል?»

ካፖርቱን ሰጠሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ሙሄ ላብ እየጠመቃቸው በካፖርቴ ውስጥ ዘብ ይቆሙ ጀመር። ኩራታቸው ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ወረቀት በገባ ቁጥር ዕቃ ከቤቴ ይወጣ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ ቁጥር ዘጠኝን በመስታወቴ ለወጠኝ። ራስ የሌለው ፎቶ ፀጉር አስተካካይ ቤት ምን ይሠራ እንደነበር እሱም አያውቅ። መስታወቱ ከሄደ ወዲያ ፊቴን በደንብ አይቼው አላውቅም፤ ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። ቁጥር አምስት በሽቦ አልጋዬ መጣ። ለቁጥር አሥር ምድጃዬ ሄደ። በዓመቱ አሥራ አንድ ፎቶ በግድግዳዬ ዙሪያ ተሰለፈ፤ እኔም ከሥራቸው ሰሌን ላይ ተጋድሜ ሳያቸው ንጉሥ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። ጭድ የምትበትን የሴት እጅ፣ ውኃ የሚቀዳ ጀርባ፣ ማረሻ ላይ ያረፈ እግር፤ አንድም ራስ የለም። ሊጠይቀኝ ለሚመጣ ሁሉ «ቁራጩ ሙሉውን ያሳስባል» እያልሁ አስረዳለሁ። ሰው መጥቶ እኔን ይሰማል እንጂ፣ እኔ ስለ ሰዎቹ ማንንም አንድ ነገር ጠይቄ አላውቅም።

ወሬው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰና መጣ። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየ፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ተመለሰና አየ።

«ጓድ መምህር፣ የሰዎቹ ራስ የት አለ?»

በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ራስ ሲጠይቅ መልስ በቶሎ ይፈለጋል። እኔም አፌ የፈቀደውን ለቀቅሁት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ራሳቸውን የነጠቃቸው የፊውዳሉ ሥርዓት ነው! አርቲስቱ ጭቁኑ ሕዝብ እንዳያስብ መደረጉን በዘመናዊ ጥበብ አጋልጧል!»

ሊቀመንበሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወላሂ አልዋሽም። ወዲያው ለአብዮቱ በዓል ፎቶዎቹ በቀበሌው አዳራሽ እንዲታዩ ወሰነ፤ ከአውራጃም እንግዳ እንደሚጠራ ነገረኝ። እኔም ያን ሳምንት ሙሉ በቀይ ቀለም መግለጫ ስጽፍ ከረምሁ። «ራሱን የተነጠቀ ገበሬ»፣ «ራሷን የተነጠቀች ነጋዴ»፣ ግመሉንም አልተውሁት፣ «ራሱን የተነጠቀ ግመል» አልሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለው ያን ጊዜ ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነበር።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሊቀመንበሩ ተመልሶ መጣ። ጀርባቸውን አገላብጦ ቆጥሯቸው ኖሯል።

«አሥራ ሁለት ይላል። ያለው አሥራ አንድ ነው።»

«ቁጥር ሰባት ገና ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ለአውራጃ እንግዳ ጎዶሎ አናሳይም። ሦስት ሳምንት አለህ፤ ካልሆነ አዳራሹን ለኪነት ቡድኑ እሰጣለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ እንግዲህ ወይ የኢፋት የመጀመሪያው የፎቶ ሰብሳቢ ነኝ፣ ወይ አልጋውን በወረቀት የለወጠ ሞኝ ነኝ። ሦስተኛ ምርጫ አልነበረኝም።

የፎቶዎቹን ጀርባ አስተያየሁ። ቁጥር ስድስት «አሊዩ አምባ» ይላል። ቁጥር ስምንት «ማጀቴ» ይላል። ሰባት ከሁለቱ በአንዱ መገኘት አለበት። ማጀቴ የተወለድሁበት አገር ነው፤ እናቴም እዚያው ናት። ታዲያ ማጀቴ ውስጥ እኔ የማላውቀው ምን ሊኖር ይችላል ብዬ አሊዩ አምባን መረጥሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ክረምት ስለነበር ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አንድ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ ሽቅብ ጉዞ ጀመርሁ። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ብርዱም እኔን። የመኪና ማለፊያው ዋሻ አፍ ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሰዎች በጋቢ ተጠቅልለው፣ በአጭር እጅጌ ሸሚዝ የምንቀጠቀጠውን ቆለኛ አይተው አዘኑልኝ። አንዷ ሴትዮ ባዶ ጆንያ ወረወረችልኝና ለበስሁት። ካፖርቴ በዚያች ሰዓት ሮቢት ላይ ጋሼ ሙሄን እያላበ መሆኑን ሳስብ፣ የግመሉ ጉልበት ለመጀመሪያ ጊዜ አስጠላኝ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር፣ ከአንኮበር በእግሬ ቁልቁል ወርጄ፣ በሦስተኛው ቀን ጆንያዬን እንደ ለበስሁ አሊዩ አምባ ደረስሁ።

ስለ ባለ ሦስት እግሩ የሚያውቅ ሰው ብጠይቅ ሁሉም ወደ ሐጂ ኡመር ቤት ላከኝ። ሐጂ የድሮ ነጋዴ ናቸው፤ ጢማቸው ቀይ በሂና፣ ድምፃቸው ጎርናና። ሰላምታዬን መልሰው ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

«አንተን የት ነው የማውቅህ?»

«ስለ ፎቶዎቼ ሰምተው ይሆናል፣ ሐጂ» አልኋቸው በትሕትና። ዝናዬ ዳገትና ቁልቁለቱን ከእኔ ቀድሞ የተሻገረ መስሎኝ ነበር።

ሻይ መጣ። እኔም አንድ ገጽ ተኩሉን ዘረገፍሁላቸው፤ ስለ ዘመናዊ ጥበብ፣ ስለ ቁራጩና ስለ ሙሉው፣ ራስ ስለ ነጠቀው ፊውዳል። ሐጂ መጀመሪያ ሻያቸውን ፉት እያሉ ሰሙኝ። ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። በኋላ ሻዩን አስቀምጠው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሱብሃነላህ! ፊውዳል አልህ? ራሱን የነጠቁት እኮ አባቴ ናቸው!»

«እንዴት?»

«ሰውዬው ቆላ ሲወርድ ከሁሉ በፊት እኛ ጋ መጣ፣ ያን ሦስት እግሩን እዚህ ደጃፍ ላይ ተከለ። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ‹ልጄ፣ ይሄ የምንሰግድበት ቤት ነው፤ ፊት ያለው ምስል እዚህ አይገባም› አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አሰበ፣ አሰበና ‹ፊት ባይኖረውስ?› አለ። ‹ራስ ከሌለውማ ምስል አይደለም፣ አንሳ› አሉት። ከዚያ ወዲያ በሄደበት ቤት ሁሉ እንዲያው አደረገ፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል። ‹ለአንዱ የገባሁትን ቃል ለሌላው አላፈርስም› ይል ነበር። እንግዳ ሲሆን እንዲህ ያለ ነው።»

ማፈር የነበረብኝ ቦታ ይህ ነው። እኔ እኮ የሙስሊም ልጅ ነኝ! እናቴ ቤት ሰው ፊት ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ እንደሆነ፣ ለሰላት ስትቆም ወደ ግድግዳው ታዞረው ነበር። ሺህ ጊዜ ስታዞረው አይቻለሁ። የሰዎቹ ራስ የት ሄደ ብዬ መጽሔት ውስጥ፣ አውሮፓ ውስጥ፣ ፊውዳል ውስጥ ስፈልግ፣ መልሱ እናቴ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ደግሞስ አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን አይነግረኝም?

ይሁን እንጂ ወዲያው ሌላ ስሜት መጣብኝ፤ ኮራሁ። ዓለም ዘመናዊ ያለውን ጥበብ የኢፋት ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ በአንድ ቃል ፈጥሮታል።

«ሐጂ፣ ቁጥር ሰባትስ እርስዎ ጋ ነው?»

«የለም። እሱን ለሰይድ ሰጠው። ያን ከባድ ሣጥኑን ተሸክሞለት ቆላውን የዞረ የማጀቴ ጎበዝ ነበር። ዞረው ተመልሰው ሲለያዩ እዚሁ ዋርካው ሥር አነሳውና፣ አጥቦ ላከለት…» አሉና ድንገት አቆሙ። ፊቴን እንደገና አዩት። «ቆይ ቆይ። አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«የሰይድ» አልሁ። 

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! ከበር ስትገባ እኮ ነው ያወቅሁህ!»

አባቴን ወባ የወሰደው የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ፊቱን አላስታውሰውም፤ ፎቶም የለውም እያልሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ስለ እሱ የምትነግረኝ ጭነት የማይከብደው ሰው እንደነበር ብቻ ነው። ምን ይጭን እንደነበር ግን ጠይቄያት አላውቅም። መጠየቅ እንደማልወድ ነግሬያችኋለሁ።

ወንዝ እየሞላ መንገድ ላይ ብዙ ቀን ስለያዘኝ፣ ማጀቴ የደረስሁት በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ነው። እናቴ ጆንያዬን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ልጄ፣ መምህር ነው እያልሁ በአገሩ ሁሉ አስወርቼ፣ ጆንያ ለብሰህ ትመጣለህ?»

«እማዬ፣ የአባዬ ፎቶ አንቺ ጋ ነው?»

 እሷም ተነስታ ሣጥኗን ከፈተች፤ ከታች፣ ከሁሉም ልብስ ሥር፣ በአባቴ ሽርጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ዓመት ሙሉ የሰው ተረከዝ ትለቅማለህ አሉ። አንድ ቀን መጥተህ እማዬ አንቺስ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ቁጥር ሰባት ከሁሉም ትልቁ ነው፤ አንድ ክንድ ይሞላል። ላብ ያረጠበው ሰፊ ደረት፣ የሣጥኑ ጠፍር የተጋደመበት ግራ ትከሻ፣ ጠፍሩ ያሰመረው ሰምበር፣ የቆመ አንገት። አገጩ ሥር ሲደርስ ያበቃል። በሕይወቴ ዘመናዊ ፎቶግራፍን የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ካሜራውን አንድ ስንዝር ከፍ ቢያደርገው ምን ነበረበት እያልሁ፣ እናቴ ፊት እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

«አባትህ ነው ፊቴን ተው ያለው» አለች። «‹እምትሰግድበት ቤት ይቀመጣል› ብሎ ለእኔ ሲል።»

ለበዓሉ እንድታውሰኝ ለመንኋት። ከእጄ አይወጣም፣ ከመጣም እኔ ይዤው እመጣለሁ አለች። 

በበዓሉ ጠዋት ቀዩን መግለጫ ሁሉ ቀድጄ ጣልሁት። አሥራ አንዱ ፎቶ ያለ አንድ ቃል አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ፤ ከስድስትና ከስምንት መካከል ባዶ ምስማር ቀረ። ሊቀመንበሩ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ፊውዳሉ የት ሄደ? ሰባትስ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት በሩ ላይ ጩኸት ተሰማ።

«ውይ! ውይ በሞትሁት! የአማቴ ተረከዝ!» እትዬ ዘሀራ ናቸው፤ ነጠላቸው ወድቆ ቁጥር ሦስት ፊት ቆመዋል። «ይቺ በግራ በኩል ያለችው! ስንጥቁን በቅቤ የማሸው እኔ አልነበርሁም? ዓመት ሙሉ ሚስማር ስመታባት!»

ከዚያ በኋላ አዳራሹን የሚያቆመው ጠፋ። ይሄ የእገሌ ጀርባ ነው፣ አረማመዱን እዩት፣ ያቺ የእገሊት እጅ ናት፣ ጭድ ስትበትን እንዲህ ነበረች ይባባላል ሰው። ዓመት ሙሉ ቁራጩ ሙሉውን ያሳስባል ስል የኖርሁት እኔ፣ ሙሉውን የማላውቅ ብቸኛው ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ጋሼ ሙሄ እንኳ በካፖርቴ ውስጥ ላባቸውን እየጠረጉ የግመሉን ስም ነገሩን። የአውራጃው እንግዳ መግለጫ አልጠየቀም፤ ጋሼ ሙሄን ክንዳቸውን ይዞ ይጠይቃቸው ነበር።

ሊቀመንበሩ ግን ቆጠራውን አልተወም። «አሥራ አንድ» ሲል፣ እናቴ ገባች። የማጀቴን አውቶቡስ አቧራ እንደለበሰች፣ ሽርጡን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቀጥ ብላ መጥታ ባዶው ምስማር ፊት ቆመች።

«እናቴ፣ ይስጡኝ ልስቀለው» አላት ሊቀመንበሩ።

«ምስማር ላይማ አይሰቀልም» አለች። ወደ እኔ ዞራ፣ «ና። እዚህ ቁም» አለችኝ። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምሁ። ሽርጡን ፈታች፤ ቁጥር ሰባትን፣ ልብስ ለልጅ እንደሚለካ፣ አገጬ ሥር ያዘችው። አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከፍ አድርጋ አስተካከለችው።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጠጋ ጠጋ አለ።

«ሰይድ!» አሉ ጋሼ ሙሄ። ካፖርቱን አውልቀው እጃቸው ላይ አደረጉት። «አላህ! ሣጥን ተሸካሚው ሰይድ ራሱ!»

መስታወቴን ከለወጥሁ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ፊቴ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ነው፤ የአባቴም ፊት ምን እንደሚመስል እንዲሁ።

«ፊት ያለው ምስል ይሆን የለ እንዴ፣ እማዬ?» አልኋት በሹክሹክታ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ።

«ሕያው ፊት ምስል አይባልም» አለች። «ዝም በል።»

ሊቀመንበሩ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረና፣ «አሥራ ሁለት» አለ።

እስከ ማታ ቆምሁ። ሰው ገብቶ እስኪያልቅ፣ ማዶ ቀበሌ ያለው ሳይቀር ተሰልፎ መጣ፤ አንገቴ ደነዘዘ፣ የእናቴ ክንድ ግን አልዛለም። ብዙ ሰብሳቢ በስብስቡ ፊት ቆሞ ሊኮራ ይችላል፤ የስብስቡ ራስ ሆኖ የቆመ ከእኔ በቀር አላውቅም። አንዴ አፍንጫዬን በላኝና ላክክ ስል፣ እናቴ ክርኔን ቆነጠጠችኝ።

«አትነቃነቅ» አለችኝ፣ «አባትህን ታደበዝዘዋለህ።»